ድልድዩ ላይ ያልተበጠሰው ገመድ

የመቶ አለቃ አትክልት መኪና ላይ ሲወጣ ሆዱ ይገለበጣል። ባልደረቦቹ «መኪና የሚፈራ መርማሪ» እያሉ ይሳለቁበታል፤ እሱም አይከራከርም። በ1957 ዓ.ም. አንድ የገበያ ቀን ወደ ሰበታ ሲጠራም ከዓለም ገና በእግሩ መጣ። ወንዙን በድልድዩ ተሻግሮ ዳገቱን ሲጨርስ አናቱ ላይ የቆመ አዲስ ቀይ ፒክአፕ አየ። ሬሳው ከኋላው በነጠላ ተሸፍኗል።

ሟቹ ዳኜ የሚባል የፒክአፕ ሻጭ ነበር። አሻሻጡ እንዲህ ነው፦ በገበያ ቀን ፒክአፑን ከአሮጌ ካሚዮን ጋር በሽቦ ገመድ ያስተሳስራል። ሞተሩ የጠፋው ካሚዮን ሃምሳ ኩንታል ስንዴ እንደተጫነ ዳገት ይጎተታል። ዳኜ ጎን ለጎን በእግሩ እየሄደ «ይህን የጎተተ የእናንተን አምስት ኩንታል ያቅተዋል?» ብሎ በድምፅ ማጉያ ይለፈልፋል፤ አናቱ ላይ ሲደርሱ ዘልሎ ፒክአፑ ላይ ይወጣና ንግግሩን ያሳርጋል። በሱሉልታም በቡራዩም ተጨብጭቦለት ነበር። ዛሬ ግን ከድልድዩ ተነስተው አናቱ ላይ ሲደርሱ፣ ፒክአፑ ላይ ወጥቶ ሹፌሩን «ቁም! አሁን እንደገና ሳብ!» ሲለው ገመዱ ተበጠሰ። ጫፉ እንደ ጅራፍ ተወንጭፎ ደረቱን መታው። ካሚዮኑ ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራቶ በፍሬኑ ሲቆም ዳኜ አልተነሳም።

«ገዳዩን ይዘነዋል ጌታዬ» አለ አሥር አለቃ ዲኖ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ገመዱ እስከ ግማሹ በሞረድ ተበልቷል። ያሰረው የፒክአፑ ሹፌር ተድላ ነው። በዕቃ ሳጥኑ ሞረድ አግኝተናል። ትናንትም ከሟቹ ጋር ሲጣላ ተሰምቷል።»

«ሞረድ የሌለው ሹፌር ካገኘህ እሱን እሰርልኝ» አለ አትክልት።

ተንበርክኮ የገመዱን ጫፍ አየ። ግማሹ ሽቦ ተበጣጥሶ ተንጨባሯል፤ ግማሹ በሞረድ ልስልስ ብሏል። በልስልሱ በኩል ዝንብ ሰፍሮበታል። አትክልት ዝንቡን እሽ ብሎ አሸተተው። ቀጥሎ ካሚዮኑን ዞረው። ከጎማው በላይ ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ሹፌሮች ባሌስትራ የሚሉት፣ እንደ ቀስት ጎብጦ ቆሟል። እዚያ ላይ ዓይኑን ጥቂት አቆየ። ከዚያ የጭነቱን ሸራ ጫፍ ገልጦ ከሥር ያለውን ጆንያ በሰንጢ ወጋ፤ የወጣውን ነገር በመሃረቡ ቋጥሮ ኪሱ ከተተ። ዲኖ አንገቱን ቢያሰግግም አላሳየውም።

መጀመሪያ የካሚዮኑን ሹፌር ገብረየስን ጠራው። በዕድሜ የገፋና ነገር የማይወድ ሰው ነው።

«ሁለቱ መኪናዎች የት አደሩ?»

«ኦቦ መገርሳ ግቢ። ልጃቸው ደገፋ ፒክአፑን ሊገዛ ስለፈለገ ጋበዘን። ማታ ገመዱን ግራሶ ቀብቼ ስጠቀልለው ደህና ነበር። በሩም ተዘግቶ ነው ያደረው፤ ከእኛና ከአባትና ልጁ በቀር ሰው አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን ተበጠሰ?»

«እኔም ግራ የገባኝ እሱ ነው። ቢሞረድም እንኳ፣ መበጠስ አልነበረበትም።»

«ሃምሳ ኩንታል እየጎተተ?»

ገብረየስ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ተድላ እጁ በካቴና ታስሮ ፖሊስ ጣቢያው ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። ሚስቱ ፀሐይ ምግብ ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ ስታለቅስ ድምፅ አታሰማም። ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጠብቀው ሁሉም ያውቃል።

«ከዳኜ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«በሥራ ጉዳይ ነው።»

«ሥራ ሰው አያሰቅልም፤ ዝምታ ግን ያሰቅላል።»

«ብናገርም እታሰራለሁ ጌታዬ።»

«እስራትና ገመድ እኩል ሆነውብህ ነው?»

ተድላ ፊቱን ወደ በሩ፣ ወደ ሚስቱ አዞረ። አትክልት ተናደደበት፤ ውስጡ ግን ይራራለት ነበር።

የኦቦ መገርሳ ግቢ ከዳገቱ ማዶ ነው። ቀንበሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ጠፍሩ በቅቤ ታሽቶ ያበራል። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነስተው «ነጋ ዳ?» ብለው ለሰላምታ እጃቸውን ዘረጉ። ልጃቸው ደገፋ አጠገባቸው ቆሟል፤ ሱሪው ተተኩሷል።

«ገመዱን ጭነቱ ከብዶት ነው እንጂ ፒክአፑ ምንም አይወጣለትም» አለ ደገፋ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «እኔ አሁንም እገዛዋለሁ። የወንዝ ዳሩን መሬት የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ።»

«እርስዎስ ኦቦ መገርሳ፣ ምን ይላሉ?»

«ዳኜ ከላይ ያለውን ጆንያ ፈትቶ አሳየኝ። በእጄ ዘገንኩ፣ በጥርሴ ቆረጠምኩ። ስንዴ ነው ብዬ ለሕዝቡ መሰከርኩ። እንዲያ ያለ ጭነት የጎተተ ገመድ ቢበጠስ ምን ይገርማል?»

«ትርኢቱን ከዚህ በፊት አይተውታል?»

«ልጄ ቡራዩ ወስዶ አሳይቶኛል።»

«መሬቱ መሸጡንስ ወደዱት?»

ሽማግሌው ልጃቸውን ሳያዩ መለሱ። «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይላሉ። አባቴ የተቀበረው ለዚያ መሬት ቅርብ ነው።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ የታሰረው ልጅ ምን ይሆናል?»

«ይሰቀላል።»

ኦቦ መገርሳ መቀመጫቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋት አትክልት አራቱንም፣ ሹፌሮቹንና አባትና ልጁን፣ ጣቢያው ግቢ፣ እዚያ በተወሰደው ካሚዮን አጠገብ ሰበሰባቸው። የተድላ ሚስት ፀሐይ ከበሩ ገባ ብላ ቆመች። ከገበያተኛውም ወሬ የናፈቀው ሁሉ አጥሩን ተደግፏል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብሎ ጀመረ አትክልት። «ገመዱ ማታ ደህና ነበር፤ ጠዋት ተሞርዷል። ስለዚህ የሞረደው ግቢው ውስጥ ካደሩት አንዱ ነው። ሹፌር ብረት የሚቀባው ግራሶ ነው። የተሞረደው ቦታ ግን በቅቤና በአፈር ተለስኗል፤ ተድላም ሲያስር ያላየው ለዚህ ነው። ዝንብ ግራሶ ላይ አይሰፍርም።»

«ቅቤ በየቤቱ አለ ጌታዬ» አለ ዲኖ።

«ልክ ነህ። ስለዚህ ጭነቱን እንይ።»

ሸራውን ገፎ ከሥር ያለውን ጆንያ ቀደደ። ገለባ ወረደ። ሁለተኛውን ቀደደ፤ እሱም ገለባ። አጥሩ ላይ የተደገፈው ሕዝብ አጉረመረመ። ተድላ ግን ከትናንት ጀምሮ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ የለቀቀ መሰለ።

«ስንዴ ያለው ከላይ ለማሳያ በተቀመጡት ብቻ ነው» አለ አትክልት። «ሃምሳ ኩንታል የተጫነበት ባሌስትራ ቀጥ ይላል፤ ይህ ግን ጎብጦ ነበር። ተድላ፣ ጠባችሁ ይኸው ነው?»

«አዎ ጌታዬ» አለ ተድላ። «ከሰበታ በኋላ ሰው አላታልልም ብዬው ነበር። ብናገር ሦስት ከተማ ይከሰኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ያ ገለባ አንገትህን አተረፈልህ። ተድላና ገብረየስ ጭነቱ ገለባ መሆኑን ያውቃሉ። ገለባ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ገመዱን ግማሽ ላይ አይተወውም፤ ግማሽ ገመድ ገለባን እስከ ጅማ ይጎትታል። ግማሽ ላይ የተወው፣ ቀሪውን ሃምሳ ኩንታሉ ይበጥስልኛል ብሎ ያመነ ሰው ነው። ከአራቱ ያመኑት ሁለት ናቸው። አንደኛው ፒክአፑን ለመግዛት የሚጣደፍ ነው፤ መኪናው በሕዝብ ፊት እንዲዋረድ አይፈልግም።»

ደገፋ ቀስ ብሎ ዞረ። «አባ?»

ሽማግሌው ጆንያውን ይመለከቱ ነበር። አትክልት ወደ እሳቸው ዞሮ ድምፁን አለዝቦ ቀጠለ። «መግደል አልፈለጉም። ቡራዩ ላይ አይተዋል፤ ዳገቱ ሥር ፒክአፑ ላይ የሚቆም የለም። ጭነቱ እውነት ቢሆን ገመዱ ገና ድልድዩ ላይ ይበጠስ ነበር። ገለባ ሆነና እስከ አናቱ ዘለቀ። አናቱ ላይ ዳኜ ወጣ፤ ቁም፣ እንደገና ሳብ አለ። በዚያ ድንገተኛ ጉተታ ተበጠሰ።»

ኦቦ መገርሳ ወደ ካሚዮኑ ሄዱ። እጃቸውን የተቀደደው ጆንያ ውስጥ ሰደው አንድ እፍኝ ገለባ አወጡና ረጅም ጊዜ አዩት።

«ስንዴ ነው ብዬ መስክሬ ነበር» አሉ። «ስንዴ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ይተርፍ ነበር?»

«ይተርፍ ነበር፤ ሕዝቡም ስቆ ይበተን ነበር።»

«ልጄ አብሮ እንዲስቅ ነበር የፈለግሁት። ስቆ እንዲተወው።» ወደ ተድላ ዞሩ። «ዛሬ እመጣ ነበር። እመጣለሁ ስል ነው ያነጋሁት። ይቅር በለኝ።»

አትክልት አመናቸው። አንድ ሰዓት እንኳ ታግሶ በራሳቸው እግር እንዲመጡ ባለመጠበቁ ተጸጸተ፤ በሥራው ግን ጸጸት ቦታ የለውም። የተድላን ካቴና ፈታ። «ለገለባው ትጠየቃለህ» አለው። ፀሐይ የባሏን የእጅ አንጓ ይዛ ሰንበሩን ታሽ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ ሌላ መኪና በጣቢያው አልነበረም። ተድላ ቀዩን ፒክአፕ አስነሳ። አትክልት ሆዱን ይዞ አጠገቡ ገባ። ኦቦ መገርሳ ከኋላ ተጫኑ፤ ደገፋም ማንንም ሳይጠይቅ ወጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ የተተኮሰ ሱሪው አቧራ ላይ።

ቁልቁለቱን ወርደው ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው የጋቢናውን ጣሪያ መቱ። ተድላ አቆመ። ከድልድዩ ግራ የወንዝ ዳሩ መሬት ታርሶ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

«ኢልማ ኮ» አሉ ለልጃቸው። «ዘንድሮ ጤፍ ዝራበት። ታችኛው ውኃ ይተኛበታል፤ ቦይ ቅደድለት።»

«እሺ አባ» አለ ደገፋ።

አትክልት ሰዓቱን አላየም። ተድላም ሽማግሌው ጣሪያውን መልሰው እስኪመቱ ድረስ መኪናውን አላንቀሳቀሰውም።