ያላለቀው አምስተኛ ትምህርት

ቢታንያ በሟች ወንድሟ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ ሦስት የማይረቡ ፊደላት ጨመረችበት።

«ወይኔ!» ብላ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። የፈለገችው ገጹን ወደ ላይ መግፋት ብቻ ነበር። ማውስ የለም፤ የላፕቶፑ መዳሰሻም ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎታል። ነህምያ ሳያሠራው ኖረ። «ጣት ካለ ማውስ ምን ያደርጋል?» እያለ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ በቁልፍ ብቻ የሚታዘዝ የጽሑፍ ፕሮግራም ተማረና በዚያው ለመደ። አሁን እሱ የለም፤ እሷ ደግሞ መግቢያ መውጫው ጠፍቶባታል።

የእሱን ፊደል እንዳትነካ እየፈራች የጨመረቻቸውን አንድ በአንድ ደመሰሰች። ዓረፍተ ነገሩ እንደነበረ ተመለሰ። «ትምህርት አምስት። ስትወጪ ግን ቢቱ፣ መጀመሪያ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

ነህምያ ከሞተ ዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ከአሰላ የተሳፈረበት ሚኒባስ ዴራን እንዳለፈ ተገለበጠ። ነገ አርባው ስለሆነ ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነው። እናቷ እታገኘሁ ልብሱንም ጫማውንም ለሚያስፈልገው ሰው ሰጥታ ጨርሳለች፤ «የሟች ዕቃ ተቆልፎበት አይቀመጥም» ትላለች። የቀረው ይሄ ላፕቶፕ ነው። እሱም ለአክስቷ ልጅ ለዕዝራ ታስቧል። ዕዝራ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ደርሶታል፣ ያውም ነህምያ የተማረውን ኮምፒዩተር ሳይንስ፤ ኦጎልቾ ያሉት ቤተሰቦቹ ደግሞ ላፕቶፕ የመግዛት አቅም የላቸውም።

ቢታንያ ግን ሳምንቱን ሙሉ «ተበላሽቷል፣ አይነሳም» ስትል ከረመች። እናቷም አመነቻት። ልጇን የቀበረች ሴት የላፕቶፕ ውሸት የምታጣራበት ጉልበት ከየት ታመጣለች?

እውነቱን ለመናገር፣ ቢታንያ ራሷም እስከ ዛሬ ጠዋት ልትከፍተው አልደፈረችም ነበር። ክዳኑ ተከድኖ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ነበርና፣ ስትከፍተው ነህምያ ትቶት የሄደው ገጽ እንዳለ መጣ። ያስቀመጠው አይመስልም። መብራት ሄዶ ቢቆይ ያረጀው ባትሪ አይችልምና፣ ጽሑፉም አብሮ እንዳይሄድ ፈራች፤ የአሰላ መብራት እንደሆነ ሲሄድ ደህና ዋሉ አይልም።

የቀስት ምልክቶቹን እየተጫነች ወደ ላይ ወጣች።

«ትምህርት አንድ። ቢቱ፣ ይሄ ነገር ሁለት ጠባይ አለው፤ አንዴ ይጽፋል፣ አንዴ ይታዘዛል። አይ የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ስትጫኚ ይጽፋል፤ ኢስኬፕ የሚለውን ቁልፍ ስትጫኚ ይታዘዛል። ከማዘዝሽ በፊት ግን ኪቦርዱን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሺ። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሁለት ቀን በአማርኛ ሳዘው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።»

ሳቀች። ድምፁን የሰማችው መሰላት።

ለእሷ ነው የጻፈው። ያን ዓርብ ከሰዓት፣ «ቢቱ ነይማ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው» ብሎ ጠርቷት ነበር። እሷ ስልኳ ላይ ነበረች። «ነገ! ሙዴ አይደለም። ደሞ አትጨቅጭቀኝ» አለችው። በማግስቱ ጠዋት፣ እሷ ሳትነሳ፣ ተሳፈረ።

ትምህርት ሦስት መስመር ስለ ማጥፋት ነው። «ዲ ፊደልን ሁለቴ ተጫኚ። መለማመጃ፦ ቀጥሎ ያለውን መስመር አጥፊ» ይላል። ቀጥሎ ያለው መስመር «ነህምያ ጨቅጫቃ ነው» የሚል ነው።

ኢስኬፕን ተጫነች፣ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መለሰች፣ እንደታዘዘችው ዲን ሁለቴ ነካች። መስመሩ ጠፋ። ስሙ ከዓይኗ ሥር እልም አለ። በጥድፊያ ወደ ትምህርት አራት ወረደች። «ከተጸጸትሽ ዩ ፊደልን ተጫኚ፤ ያጠፋሽው ይመለሳል።» ዩን ተጫነች። ነህምያ ጨቅጫቃ ነው። ያን ዓርብ የሚመልስ ቁልፍ ግን የለም፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

«ይሠራል እንዴ?»

ዕዝራ አግዳሚ ወንበር እንደተሸከመ በሩ ላይ ቆሟል። ቢታንያ ክዳኑን ልትከድነው ቃጣት፤ ግን ይጠፋል ብላ ተወችው። ዕዝራ ወንበሩን አስቀምጦ ቀረበና ስክሪኑን አነበበ።

«ላንቺ ነው የጻፈው» አለ።

«መውጫውን ሳይነግረኝ ሄደ። ባጠፋው ይጠፋብኛል።»

ዕዝራ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። «አቦ፣ ቀላል ነው። ኢስኬፕ፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ደብሊው እና ኪው፣ ኢንተር። አስቀምጦ ይወጣል።»

ይሄኔ የእናቷ ድምፅ ከግቢ መጣ። «ዕዝራ! እዚያው ከገባህ እስቲ ያን ኮምፒዩተር እየው፤ ምናልባት ይነሳ እንደሆነ!»

ዕዝራ ስክሪኑን አየ፤ ከዚያ ያበጠውን ዓይኗን አየ።

«አይነሳም፣ እትዬ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁን ዝቅ አድርጎም፣ «በቃ፣ ያንቺ ነው። እኔ የዩኒቨርሲቲውን ኮምፒዩተር ክፍል እጠቀማለሁ» አላት። ወንበሩን አንስቶ ወጣ።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም፤ አፈረች። የእሷን ውሸት ተሸክሞ ነው የወጣው፣ ያውም ሳትለምነው። ነህምያ ቢኖር ኖሮ ዕዝራን እዚህ አስቀምጦ እስኪሰለቸው ድረስ ያስተምረው ነበር።

ወደ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወረደች። አይ ፊደልን ተጫነች፣ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ መለሰች፣ እሱ ካቆመበት ቀጠለች። «ኢስኬፕ ተጫኚ። ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ደብሊው፣ ኪው፣ ኢንተር። ያልሽው ሁሉ ይቀመጥልሻል።» ከዚያ የጻፈችውን ራሷ አደረገችው። ገጹ ተዘጋ። እንደፈራችው አልሆነም፤ ስትከፍተው ሁሉም እንዳለ አለ።

ወደ ግቢ ወጣች። እናቷ ምስር እየለቀመች ነው።

«እማዬ፣ ኮምፒዩተሩ ይሠራል። ዋሽቼሽ ነው።»

የእናቷ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ። አልተቆጣቻትም። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና፣ «በይ ዕዝራን ጥሪው» አለቻት።

ዕዝራ ገመድ በእጁ እንደያዘ መጣ። ቢታንያ የነህምያን ወንበር ሳበችለት።

«ቁጭ በል። ማውስ እንዳትፈልግ፣ የለውም።»

«አሁን? ድንኳኑ አላለቀም እኮ። ነገ ብታሳዪኝስ?»

«ነገ አይሆንም» አለች ቢታንያ። «አሥር ደቂቃ ብቻ ነው።»