የተወዛወዘው ቪዲዮ

«አሁን ደግሞ አጥሩ ራሱ መሮጥ ጀመረ» አለች ሚጢ፣ በንዴት ወንበሯን ወደ ኋላ እየገፋች።

የኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ የትምህርት ቤቱ አጥር ወዲያና ወዲህ ይላጋል። በፍጥነቷ ጢያራ የሚሏት ሯጭ ግን መሀል ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ጥፋቱ የሚጢ ነበር። ቪዲዮውን ለማረጋጋት የመከታተያ ነጥቦቹን የጢያራ ማሊያ ላይ አሳርፋቸዋለች። ፕሮግራሙ ደግሞ ነጥቡ ያረፈበትን ነገር ቆሟል ብሎ ያምንና ሌላውን ሁሉ ያንቀሳቅሰዋል። ነጥቦቹን አጠፋቻቸው።

የዱላ ቅብብሉን ሩጫ የቀረጸችው የልብ ጓደኛዋ ኩኪ ናት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ አንድ ወሬ ብቻ ነው የሚያወራው፤ ጢያራ አጠገቧ የነበረችውን ሯጭ በክርኗ መትታ ጣለቻት ነው የሚባለው። የስፖርት መምህሩም ከፍጻሜው ውድድር አስወጥተዋታል። ዓመቱን ሙሉ የለፋች ልጅ! ማስረጃ የተባለው ደግሞ ይኸው ዓይን የሚያጠፋ ቪዲዮ ነው። «የጢያራ እናት መጥታ እንድታየው አስተካክለሽ አምጪልኝ» ብለው ለሚጢ የሰጧትም መምህሩ ራሳቸው ናቸው።

ሚጢ አሁን ነጥቦቹን ከቦታቸው በማይነቃነቁት በአጥሩ ብረቶችና በመብራት ምሰሶው ላይ አደረገቻቸው። ምስሉ ረጋ። በዝግታ አጫወተችው። የጢያራ ክርን ከጎኗ አልተለየም፤ በሁለቱ ሯጮች መሀል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። ልጅቷ የወደቀችው የገዛ እግሯ ተጠላልፎ ነው። ጢያራን ወደ ጎን የተወረወረች ያስመሰላት የካሜራው መናጥ ነበር።

ኩኪን ጠርታ አሳየቻት።

«በዓይኔ አይቻለሁ ብለሽ አልነበር?»

«ኧረ ሚጢዬ፣ እኔ ስልኩን ነበር የማየው። ሁሉም መታቻት ሲል መታቻት አልኩ። አሁን ምን ላድርግ፣ ውሸታም ልባል?»

«እሷስ ምን ስትባል ነው የከረመችው?»

«የድሮውን ስጫቸው በቃ። አልረጋልኝም በያቸው፤ ማን ያውቃል?»

የሚጢ ደም ፈላ። ኩኪ እኮ ይህን ስትል እስክሪብቶ አውሺኝ የምትል ነው የምትመስለው። የሰው ልጅ ከውድድር ተባርራ፣ በየኮሪደሩ እየተጠቆመባት፣ ማን ያውቃል ይባላል?

«እኔ አውቃለሁ» አለቻት።

«ጓደኛዬ ነበር የመሰልሽኝ» አለች ኩኪ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«ነኝ እንጂ። ባልሆን ኖሮ መጀመሪያ ላንቺ አሳይሽ ነበር?»

ሚጢ ቪዲዮውን ፍላሽ ላይ ገለበጠች። ነካክታዋለች እንዳትባል ያልተነካውንም አብራ ገለበጠችው።

«ቪዲዮውን እኔ አሳያቸዋለሁ። አላየሁም የሚለውን ግን ልናገርልሽ አልችልም» አለቻት።

ኩኪ ከወንበሯ አልተነሳችም። ሚጢ በሩን ሳትዘጋው ወደ መምህሩ ቢሮ ሄደች።