ጥርት ብሎ ወጥቷል

ዘሩባቤልን መጀመሪያ የጠረጠርኩት በሽተኛ ነው ብዬ ነበር። ሶዶ ላይ ጉም የተኛበት የነሐሴ ጠዋት ነው፤ የዳሞታ ተራራ ከነመኖሩም ተረስቷል። ከካፊያው ሸሽቶ የምሠራበት ፋርማሲ ገባና ባንኮኒውን ተደገፈ።

«ቫይታሚን ሲ አለሽ እህቴ?»

«ስንት ፍሬ ልስጥህ?»

«መቶ።»

ቀና ብዬ አየሁት። ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ጤነኛ። «ጉንፋን የያዘው አንተን ነው ወይስ ቀበሌውን?»

«ፊልም ላጥብበት ነው» አለ፣ ሳይስቅ።

እንዲህ ያለ መልከ መልካም ሰው ማበዱ አሳዘነኝ። እሱ ግን ዝናቡ እስኪያባራ ቆሞ አስረዳኝ። የሠርግ ቪዲዮ ቀራጺ ነው፤ አባቱ ገበያው አጠገብ ያሉት ልብስ ሰፊ ጋሽ ደገፉ ናቸው። አጎቱ የተዉለት የድሮ የፊልም ካሜራ አለችው። የፊልሟ ወርድ ከትንሿ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ጥቁርና ነጩን በሚሟሟ ቡና፣ በልብስ ሶዳና በቫይታሚን ሲ ባልዲ ውስጥ ያጥበዋል፤ ባለቀለሙ ግን ውጭ አገር ካልተላከ አይሆንም።

«ከሁለቱም አንድ አንድ ጥቅል አለኝ» አለ። «ምን እንደምቀርጽባቸው ግን አላውቅም ነበር።»

ይህን ሲል ዓይኑን ከፊቴ አላነሳም። እኔም መድኃኒት መቁጠር ጠፋብኝ፤ መቶ ሁለት ፍሬ ሰጥቼው ሄደ።

ከግፋታ፣ ከወላይታ አዲስ ዓመት፣ በኋላ ባለው ቅዳሜ ወደ ዳሞታ ግርጌ ወጣን። የካሜራዋ መመልከቻ ስለተጫረ ጥራቱን በዓይን ማስተካከል አይቻልም፤ ርቀቱ መለካት አለበት። ስለዚህ የአባቱን የልብስ መለኪያ ሜትር ይዞ መጥቷል። አንዱን ጫፍ ሌንሱ ሥር ይይዝና ሌላውን እስከ አፍንጫዬ ይዘረጋል። አንድ እርምጃ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር እንደገና መለካት ነው። እኔም ሳያስፈልግ እንቀሳቀስ ነበር።

«ይሄ ጥቁርና ነጩ ነው» አለኝ። «ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፣ ምስሉን የሚሠራው ፍሬ ግን ደቃቅ ነው፤ ሽፋሽፍትሽን አንድ በአንድ ያወጣዋል። ባለቀለሙ ለምሽት ብርሃን የተሠራ ስለሆነ ፍሬው ሸካራ ነው። ግድግዳ ላይ ስትለቂው ጤፍ የተበተነበት ይመስላል።»

«ታዲያ ለምን ገዛኸው?»

«ጤፉ ይንቀሳቀሳል። ሰው ዝም ብሎ ቆሞ እንኳ የሚተነፍስ ይመስላል።»

«እኔ ጥርት ያለ ነገር ነው የምወደው» አልኩት። «በእኛ ሥራ ብዥ ያለ ጽሑፍ ሰው ይገድላል።»

ሳቀ። ቀኑ ሳናየው አለቀ። ጉሙ እየተነሳ እየወረደ፣ ከታች የከተማው ቆርቆሮ እያበራ፣ በሩቁ አባያ ሐይቅ እንደ ሕልም ብቅ እያለ፣ ጥቁርና ነጩ እኔን ሲቀርጽ ተጨረሰ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ባለቀለሙን ራሴ ላንሳ አልኩ። ሜትሩን ተቀብዬ ጫፉን አፍንጫው ላይ አሳረፍኩ። ጥቅሉን በሙሉ እሱ ላይ ጨረስኩት።

ጥቁርና ነጩ በሳምንቱ ታጠበ። ዘሩባቤል ምስሉን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ፣ ሠርግ ላይ በሚጠቀምበት ፕሮጀክተር በጋሽ ደገፉ ሱቅ ግድግዳ ላይ ለቀቀው። በሩ ተዘግቷል። እናቴ ወይዘሮ ፈጠነች የተሰፋ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ ነበርና እሷም ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ጥራቱ የሚያስፈራ ነበር። የነጠላዬ ክር፣ ግንባሬ ላይ ያለችው የፈንጣጣ ክትባት ምልክት የምታክል ጠባሳ፣ ሁሉም ታየ። ከዚያ ዓይኔ መጣ። በዚያ ግድግዳ ላይ አንዲት ልጅ የምትወደውን ሰው እያየች ነበር፤ ልትደብቀውም አልሞከረች። እኔ ራሴ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ጋሽ ደገፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ዘሩባቤል ዞርኩ። አንድ ቃል ጠበቅሁ።

«ጥርት ብሎ ወጥቷል» አለ።

ቃሉ ይኸው ነው። በቫይታሚን ጠርሙስ ብመታው ደስ ባለኝ።

ባጃጅ ውስጥ እናቴ ቀሚሷን አቅፋ ወደ እኔ ዞረች። «ትሕቱ፣ እንዲያ አድርገሽ ያየሽው ማንን ነው?»

«ካሜራውን።»

«ካሜራ እንዲያ አይታይም» አለች።

እኔን ሊያገባ የፈለገ አንድ የሐዋሳ መሐንዲስ አለ፤ ቤተሰቦቹ ሽማግሌ እንልካለን ካሉ ከርመዋል። ሲያዘገያቸው የነበረውን አባቴን እናቴ ታቻኩለው ጀመር፤ ለጥቅምት መጨረሻ እሑድ ቀጠሮ ተያዘ። ሶዶ ትንሽ ናት፤ ወሬው ዘሩባቤል ዘንድ ደረሰ። እሱም ፋርማሲው ደጃፍ ድርሽ ማለት ተወ። ያለኝ ተስፋ ያ ባለቀለም ጥቅል ነበር። በመንገደኛ እጅ ውጭ አገር ሄዷል። የእኔ ፊት ያን ያህል ከተናገረ የእሱም ይናገራል፤ ሳየው አውቃለሁ፣ ካልወደደኝም እሺ ብዬ አገባለሁ እያልኩ ቀን ቆጠርኩ።

ምስሉ በኢንተርኔት የመጣው ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት ነው። ዘሩባቤል ፋርማሲው ድረስ መጥቶ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ከፈተው። ወርቃማ ምሽት፣ ቀይ አፈር፣ ቢጫ ሜትር። መሐሉ ላይ አንድ ሰው ቆሟል፤ ፊቱ ግን የሚርመሰመስ ፍሬ ብቻ ነው። ዓይኑ የት እንዳለ እንኳ አይለይም። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ፈለግሁ። አገር ምድሩ ውብ ነበር፣ እኔ ግን ልቅሶዬ መጣ።

«ፊትህ ላይ ምን ነበር?» አልኩት።

«አይታይም።»

«ስለማይታይ ነው የምጠይቅህ።»

አንዲት እናት ለልጇ የትኩሳት ሽሮፕ ልትገዛ ገባች። ሰጥቼ፣ አወሳሰዱን ነግሬ ሸኘኋት። እሱ እዚያው ነው።

«ያንቺን ዓይን ያን ቀን ግድግዳው ላይ አይቼዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚያ የፊልሙ ነው አልኩ። ጥሩ ፊልም ማንንም አፍቃሪ ያስመስላል፤ ስንት የማይዋደዱ ሙሽሮች በእኔ ካሜራ ተዋድደው ታይተዋል። ራሴን እንዳላታልል ፈራሁ።»

«የራስህስ?»

«የኔን ለማወቅ ፊልም አላስፈለገኝም። ቫይታሚን ከገዛሁ ቀን ጀምሮ እወድሻለሁ፣ ትሕትና።»

በጣም ደስ አለኝ፣ በጣምም ተናደድኩ።

«እሑድ ሰዎች ይመጣሉ» አልኩት።

«ሰምቻለሁ።»

«ከእሑድ በፊት ያለው ቀን ነገ ነው።»

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎናችን ውስጥ ቆሙ። መሪያቸው የጋሽ ደገፉ ጎረቤት አቶ ጦና ናቸው፤ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። እንደ ደንቡ፣ ጉዳያቸው ሳይሰማ አንቀመጥም ብለዋል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ።

«ወንድሜ ወልደመስቀል፣ እኛ ለደገፉ ልጅ ልጃችሁን ልንጠይቅ መጣን» አሉ አቶ ጦና።

«አክብራችሁ መጥታችኋል» አለ አባቴ። «ነገር ግን ነገ የምቀበላቸው ሰዎች አሉ። ቀጠሮ ሰጥቻለሁ።»

በሩ ላይ የቆመችው እናቴ ጣልቃ ገባች።

«ወልዴ፣ ለነገው ያቻኮልኩህ እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ አንቺ ነሽ።»

«የልጅቷን ዓይን አይቼ ደንግጬ ነው። ቶሎ ብንድራት ትረሳዋለች ብዬ ነበር። ወር ሙሉ ጠበቅሁ፤ አልረሳችውም። ለነገዎቹ ሰዎች ልቧ ሌላ ዘንድ ያለ ልጅ እንስጣቸው? እኔ ስልክ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።»

አባቴ ወደ መጋረጃው ዞረ። «ትሕትና፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አባዬ።»

አባቴ ግንባሩን አሸ። ከዚያ ተነስቶ አንድ ወንበር ወደ አቶ ጦና ገፋ አደረገ።

«በሉ ተቀመጡ» አለ።