በበሩ በኩል ያሉት ጆንያዎች

ባንቺአየሁ አንዲት እንግዳ ሴት ከባጃጅ ስትወርድ ባየች ጊዜ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መንገዱ ሮጠች።

«እንኳን ደኅና መጡ። ከሰዓት ነበር የጠበቅንዎት» አለችና መልስ ሳትጠብቅ የእንግዳዋን ቦርሳ ተቀበለች።

ከገዢዋ ጋር የሚጻጻፈው ፀጋው የሚባለው ልጅ ትንሽ ስላመመው ዛሬ እንደማይገኝ፣ ነገር ግን ሁሉም እንደተሰናዳ እየነገረች ወደ ግብጦው መጋዘን ወሰደቻት። መጋዘኑ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር የቆመ የቆርቆሮ ቤት ነው። ውስጡ ሠላሳ ጆንያ በሁለት በኩል ተደርድሯል፤ ጥጉ ላይ የብረት ሚዛን ቆሟል። ባንቺአየሁ በበሩ በኩል ያሉትን አልፋ፣ መንገድ የዘጋባትን የእጅ ጋሪ ገፍታ፣ በግራው ግድግዳ ካለ ጆንያ እፍኝ ግብጦ ዘግና ተመለሰች።

«ይቅመሱት። ወንዝ ውስጥ ሰንብቶ የደረቀ ነው። ምሬት የሚባል የለበትም።»

እንግዳዋ አንዷን ፍሬ ላጥ አድርጋ ቀመሰች። እውነትም አይመርም።

«ጥሩ ነው» አለች። «እኔ ግን የገዢዋ ወኪል አይደለሁም። ኢንስፔክተር ሸጋ እባላለሁ። አሞታል ያሉኝን ልጅ አስከሬን አይቼ ነው የመጣሁት።»

በባንቺአየሁ እጅ የቀረው ግብጦ መሬት ላይ ተበተነ።

ፀጋው የተገኘው በዚያው ሐሙስ ጠዋት ነው። ገበሬዎቹ ግብጦ በሚነክሩበት፣ ውኃው ከጉልበት በማያልፍበት ቦታ ተዘርግቶ ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ሰው ሁሉ ጆንያ ሊያይ ገብቶ ድንጋይ አንሸራቶት ነው አለ። ሸጋ ግን ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ ዙሪያ ገጠር ያደገች ናት፤ ግብጦ መንከር ታውቃለች። የሟቹ የጫማ ማሰሪያ እንደተቋጠረ፣ ሱሪውም ሳይጠቀለል ነበር። እንዲህ ሆኖ ወንዝ ገብቶ ጆንያ የሚያይ ሰው አይታ አታውቅም። የጃኬቱ ቀኝ ኪስ ደግሞ በግብጦ ልጣጭ ተሞልቷል። ሰው እግረ መንገዱን የሚቀምሰው ሦስት አራት ፍሬ ነው።

ባንቺአየሁ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ስለ ውሸቷ ይቅርታ ጠየቀች። ወኪሉ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአሥር ሰዓት ይደርሳል፤ ሞት መኖሩን ከሰማ ከመንገድ ይመለሳል ብላ ፈርታ ነው። የገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር እሷ ናት። አርባ ሁለት ቤት እየዞረች፣ ለነጋዴ አትሽጡ፣ ጣሊያን አገር ገዢ ተገኝቷል ብላ ያሳመነች እሷ ናት።

«የልጆቼን መሬት ሳይቀር ግብጦ አዘርቻለሁ፣ ልጄ» አለች። «ይህ ጭነት ካልሄደ በዚህ አገር ቀና ብዬ አልሄድም።»

ፀጋውን መቼ እንዳየችው ሸጋ ጠየቀቻት። ሰኞ ነው አለች፤ ከዚያ ወዲህ ጤፍ ሲወቃ ስለሰነበተች ዛሬ ከሸጋ ጋር እስክትገባ ድረስ መጋዘኑን አልረገጠችም።

የመጋዘኑ ኃላፊ ወገኔ አስከሬኑን ያገኘ ሰው ነው። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ባዶ ጆንያ ሊያመጣ ዳንግላ ሄዶ፣ ወንድሙ ቤት አድሮ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለሰ። ከወንዙ ዳር በቀጥታ ወደ ፖሊስ ሮጧል። አሁን ወደ መጋዘኑ ሲገባ ደጃፉ ላይ ቆም አለ።

«ማነው የደረደረው?» አለ። «ረቡዕ ጥዬው ስሄድ መሃል ላይ የተከመረ ነበር።»

ሦስተኛው ሰው ለቅሶ ሊደርስ የመጣው የዳንግላው ነጋዴ ሀይለመለኮት ነው። የአካባቢውን ግብጦ ለዓመታት ብቻውን ሲገዛ ኖሯል፤ ፀጋውንም አንድ ቀን ደጄን ትጠናለህ ብሎት ነበር። ሸጋ ይህን ስታነሳበት አልተቆጣም።

«የኔ እህት፣ እኔ ትላንት ጫግኒ ነበርኩ። ደግሞስ ፊቷን በስልክ ብቻ ያዩዋትን ሴት አምነው የሚጭኑ ሰዎችን ምን ብዬ እገድላለሁ? ዝም ብዬ ብቀመጥ በራሳቸው ጊዜ ይመጡልኛል።»

የማኅበሩን ደብዳቤዎች በእንግሊዝኛ የምትጽፈው እህተማርያም ላፕቶፗን ታቅፋ ትንሿ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ፀጋው ዓመት ሙሉ በኢንተርኔት ገዢ እንደፈለገ ነገረቻት። አብዛኞቹ አልመለሱለትም። ሁለቱ የመመዝገቢያ ብለው አስከፍለውት ጠፉ። የመለሰችለት ጣሊያናዊቷ ካርላ ብቻ ናት። በየቀኑ የወንዙን ቪዲዮ ይልክላት ነበር፤ ኔትወርክ ሲጠፋም በማግስቱ ጠፍቶ ነበር ብሎ ይጽፋል። ከዚያም ረቡዕ በአሥር ሰዓት ተኩል ከፀጋው ስልክ የተጻፈ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ሳይላክ ቀርቶ በኋላ በማኅበሩ ኢሜይል ረቂቆች ውስጥ የገባ መልእክት ላፕቶፑ ላይ አሳየቻት፦ «ከሠላሳው ጆንያ አሥራ ዘጠኙ ገና መራራ ነው። በበጋው ወንዙ ስለቀነሰ ቀኑ አልበቃውም። እንደገና እንድንነክረው አሥር ቀን ስጪን።»

ሸጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። በስምንት ሰዓት ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ወኪሉ እኔ ነኝ እንበል» አለች። «አስቀምሱኝ።»

ወገኔ ግር ብሎት ከበሩ አጠገብ ካለው ጆንያ ዘገነ። ሸጋ ራሱ አስቀድሞ እንዲቀምስ ነገረችው። አንዴ አኘከና ፊቱ ተጨማደደ። ሀይለመለኮትም እዚያው ካለው ሌላ ጆንያ ወስዶ አፉን ሞላ፤ ተፋውና በእጁ ምላሱን ጠረገ።

«ጣሊያኖቹ ይህንን ነው የሚበሉት?» አለ።

ባንቺአየሁ ልትነሳ ስትል ሸጋ በእጇ ከለከለቻት።

«እርስዎ ጠዋት አስቀምሰውኛል።»

ከዚያ ድምፅዋን ሳትጨምር አስረዳች። ፀጋው ረቡዕ ወገኔ ከሄደ በኋላ ሠላሳውንም ጆንያ ቀምሷል፤ መጋዘኑን ላለማቆሸሽ ልጣጩን ኪሱ ከትቷል። መራራውን በበሩ በኩል፣ የማይመረውን በግራው ግድግዳ ደርድሯል። ወንዙ ውስጥ አልሞተም። ሌላው ዕቃ አቧራ ለብሶ ሳለ የብረቱ ሚዛን ጠርዝ ብቻ ታጥቧል፤ የጋሪው ጎማ ላይም የወንዝ ጭቃ አለ። እዚህ ሞቶ በጋሪው ነው የተወሰደው።

«ጆንያዎቹ ምልክት የላቸውም» አለች። «ለዓይን መራራውም ያልመረረውም አንድ ነው። የትኛው የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ፀጋው፣ ሌላም ሲደረድር አጠገቡ የነበረ ሰው ብቻ ነው። ወገኔ አላወቀም። አቶ ሀይለመለኮትም አፋቸውን ሞልተው ነው የቀመሱት። እርስዎ ግን መጋዘኑን ከሰኞ ጀምሮ አልረገጥኩም ያሉኝ፣ አሥራ ዘጠኙን አልፈው፣ ጋሪውን ገፍተው፣ የማይመረውን አመጡልኝ።»

ባንቺአየሁ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታያቸው ነበር።

«ወኪሉ ከግራው ብቻ ይቅመስ አልኩት» አለች በመጨረሻ። «አንድ ቀን ነው፣ ይለፍልን አልኩት። እውነቱን እጽፍላታለሁ አለ። ስልኩን ልነጥቀው ስል ገፋሁት። ለመግደል አልነበረም። ሚዛኑ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ አልተነሳም። እውነቱን ከሰማች ትተወናለች። አርባ ሁለት ቤት።»

እህተማርያም ላፕቶፑን ከፈተች። እንባዋ እየወረደ ካርላ በክረምት የጻፈችውን አንድ ደብዳቤ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች። ፀጋው አንድ ጆንያ ሻጋታ እንደመታው ራሱ ነግሯት ኖሮ የመለሰችለት ነው፦

«ከሰባት ሻጮች ጋር ተጻጽፌያለሁ። የተበላሸ ነገር እንዳለ የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ። ስለዚህ ከአንተ እገዛለሁ።»

ባንቺአየሁ እንደገና እንድታነብላት ጠየቀች። እህተማርያም እንደገና አነበበችላት።

ሸጋ ባንቺአየሁን ይዛ ወደ ከተማ ስትሄድ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ወኪሉ በአሥር ሰዓት ደረሰ። እህተማርያም ከሁለቱም በኩል አስቀመሰችው፤ የሆነውንም ሁሉ ነገረችው። በሳምንቱ ካርላ ጻፈች። ጭነቱ ተሰርዟል። ለሚቀጥለው ዓመት ግን፣ ማን እንደነከረው ስሙ ተጽፎበት፣ አንድ ኪሎ ናሙና ይላክልኝ ብላለች። ወገኔ አሥራ ዘጠኙን ጆንያ በጋሪ ወደ ወንዙ መለሰ፤ ከማይመረው የተዘገነውን ናሙና እህተማርያም የነካሪውን ስም ጽፋበት በቀጣዩ ሰኞ በፖስታ ላከችው።