በእርሳስ የጻፈችው

ወጋየሁ ብዙ ነገር በኪሎ ገዝቶ ያውቃል። ምን እንደገዛ ሳያውቅ የገዛው ግን አንዴ ብቻ ነው።

ጊዜው 1986 ዓ.ም. ነበር። ወጋየሁ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። ብስራተ ገብርኤል ከአስፋልቱ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ የግንብ አጥር ሥር ላስቲክ ዘርግቶ አሮጌ መጻሕፍት ይሸጣል። ከሁሉም የሚፈለገው ኮሚክ ነበር፤ ያ በሥዕል የሚተረክ የፈረንጅ ታሪክ።

ኮሚኮቹን የሚያገኘው ከቆራሌዎችና ከባለሱቆች ነው። ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ የኖሩ ፈረንጆች ቤታቸውን ለቀው ሲሄዱ የተዉት ወረቀት በኪሎ ተሸጦ ሱቅ ይገባል። ባለሱቁም ገጹን እየቀደደ ስኳርና በርበሬ ይጠቀልልበታል። ወጋየሁ ሳይቀደዱ ይደርስና ይገዛቸዋል፤ ከዚያ አንድ አንዱን አውጥቶ ይሸጣል፣ ወይም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያነብ በስሙኒ ያከራያል።

«ከበርበሬ ያዳንኳቸው ናቸው» እያለ ይቀልዳል። በትርፉ ግን አይቀልድም።

በኅዳር አንድ ቀን፣ ቀጠን ያለች ጠይም ልጅ በአሮጌ ሻሽ የታሰረ እሽግ ታቅፋ ፊቱ ቆመች።

«ኮሚክ ትገዛለህ ብለውኝ ነው።»

«እገዛለሁ። በኪሎ ነው።»

«በኪሎ?» አለች ቅንድቧን ሰብስባ። «ሽንኩርት መሰለህ እንዴ?»

ወጋየሁ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እሽጉን ቶሎ አላስረከበችውም፤ ሻሹን ፈትታ ከላይ ያለውን ኮሚክ በመዳፏ አንዴ ዳበስ አደረገችና ገፋችለት። የሰጣትን ሠላሳ ብር ሳትከራከር ተቀበለች። ስትሄድ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየች። ስሟን እንኳን አልጠየቃትም።

እሽጉን ሲገልጠው ተናደደ። በየገጹ፣ በየንግግሩ ጎን፣ በእርሳስ የተጻፈ ደቃቅ አማርኛ አለ። ንጹሑን ነበር ገበያ የሚወደው። «ጉድ ሠራችኝ!» ብሎ ሊወረውረው ሲል ዓይኑ አንድ መስመር ላይ ወደቀ።

ከላይ ያለው ኮሚክ የአንዲት አውሮፕላን አብራሪ ታሪክ ነው። የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ወጥታ አውሮፕላኗ በረሃ ላይ ይወድቃል። አንድ ሽፍታ መንገድ ይዘጋባታል። በእርሳስ የተጻፈው መልሷ እንዲህ ይላል፤ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ የወጣሁት ወንድሜን ፍለጋ ነው። የአንተን ፊት ለማየት ቢሆንማ ኖሮ ቤቴ እቀመጥ ነበር!»

ወጋየሁ ብቻውን ሳቀ። እንግሊዝኛውን እየተንተባተበ አነበበው፤ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም። ልጅቱ ከራሷ የጨመረችው ነው። ገጹን ገለጠ፤ ሌላ ገለጠ። አብራሪዋ ታሾፋለች፣ ታለቅሳለች፣ ከሰማይ ጋር ትጣላለች። እስኪጨርሰው ድረስ ከጽሑፉ ባለቤት ጋር ሲጨዋወት የዋለ መሰለው።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። እንግሊዝኛ የማያውቁ ልብስ ሰፊዎች፣ የታክሲ ረዳቶችና የቤት ሠራተኞች «ያንን የአማርኛውን ስጠን» እያሉ ይመጡ ጀመር። ከሁሉ የባሰው ጋሼ ቀጄላ ነበር። ጋሼ ቀጄላ የዚያ ትልቅ ግቢ ዘበኛ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም፣ የሰማውን ግን አይረሳም። ከሰዓት በኋላ በርጩማውን ይዞ ይወጣና «ያቺን የምትበረዋን አንብብልኝ» ይላል። ወጋየሁም ያነብለታል። አንድ ቃል ከዘለለ ጋሼ ቀጄላ ያርመዋል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደዚያው ሲያነብለት አንዲት ሴት ከኋላው ቆማ ትሰማ ነበር።

«ስንት አተረፍክበት?» አለችው።

ዞር ሲል ያቺው ልጅ ናት። መዋሸት ይችል ነበር። ዓይኗን ሲያይ ግን አልቻለም።

«ከሰጠሁሽ አራት እጥፍ» አላት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስምሽን አላውቅ፣ ቤትሽን አላውቅ።»

«ብታውቅስ ኖሮ?»

ወጋየሁ መሬት መሬቱን አየ። «እንጃ» አለ። «ምናልባት አልነግርሽም ነበር።»

ጋሼ ቀጄላ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቱ የተገለጠውን ገጽ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ፈገግታ ቢጤ ከንፈሯ ጥግ ላይ ታየ።

«ስሜ አምሳለ ነው» አለች። «አሁንስ አወቅክ?»

በዚያው ቀን ተስማሙ። እሱ ኮሚክ ያመጣል፣ እሷ አማርኛውን በእርሳስ ትጽፋለች፣ የኪራዩን እኩል ይካፈላሉ። አብራሪዋን አንስቶ «ይህችን ልመልስልሽ?» አላት።

«ተዋት። ሰው እየሰማት ትኑር።» ትንሽ ካሰበች በኋላ ጨመረች፤ «ብቻ እንዳትሸጣት።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

አምሳለ ቤቷ ወደ ሀና ማርያም ነው። ብስራተ ገብርኤል የምትመጣው ታይፕ ለመማር ነበር። ከትምህርት ስትወጣ ከላስቲኩ አጠገብ ቁጭ ብላ ትጽፋለች። እሱ ደንበኛ ያስተናግዳል፤ እሷ እርሳሷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቃል ትፈልጋለች። አንዳንዴ «ቆፍጣና ሴት ስትናደድ ምን ትላለች?» ብላ ትጠይቀዋለች።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ ዝም ነው የምለው።»

ማታ ማታ እስከ ላፍቶ በእግር ይሸኛት ጀመር። ጭቃ ሲሆን አንዱ ድንጋይ ይመርጣል፣ ሌላው ይከተላል። መንገዱን ግማሹን በዝምታ ይሄዱታል፤ ዝምታው ግን አይከብድም። አንድ ቀን ቦይ ስትሻገር እጁን ያዘች። ከተሻገሩም በኋላ አልለቀቀችውም። ሁለቱም ስለዚያ ምንም አልተናገሩም።

ምኞቷን የነገረችው በዚያ መንገድ ላይ ነው። «የራሴ የጽሕፈት መኪና ቢኖረኝ» አለች፣ «የሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ በራፌ ላይ እውላለሁ። ማንንም አልለምንም።»

ወጋየሁ ይህን ልቡ ውስጥ አስቀመጠው።

በግንቦት ፒያሳ ላይ አሮጌ ዕቃ የሚነግድ ጆኒ የሚባል ሰው መጣ። የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ኮሚኮቹን በሁለት ጣቱ እየገለጠ አያቸው። አብራሪዋ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ከመጀመሪያው ገጽ ታች የታተመችበትን ዓመት አየ።

«ይቺን የምትፈልግ አንዲት ፈረንጅ አለችኝ» አለ። «ሻንጣዋን አዘጋጅታለች፣ የፊታችን ማክሰኞ ትበራለች። ንጹሕ ብትሆን አንድ ሺህ ስምንት መቶ እሰጥህ ነበር። ይሄ እርሳስ ገደላት።»

«አይሸጥም» አለ ወጋየሁ።

ጆኒ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ቁጥሩ ግን ከወጋየሁ ጭንቅላት አልወጣም። አንድ ሺህ ስምንት መቶ! አንድ ያገለገለ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና አንድ ሺህ አራት መቶ ብር መሆኑን ወጋየሁ ከጠየቀ ሰንብቷል። ሁለት ቀን ከራሱ ጋር ተሟገተ። «ወረቀት ነው» አለ በመጨረሻ። «እሷ እኮ ሌላ ትጽፋለች።»

እሑድ ረፋድ ላይ፣ በተከራያት ክፍል በር ላይ ተቀምጦ በላጲስ ያጠፋ ጀመር። ላጲሱ ያልወሰደውን በዳቦ ልብ ጠረገ። «አንተ ሰውዬ» የምትለዋ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ከዚያ እሷንም አጠፋት።

ማክሰኞ ዕለት የጽሕፈት መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ ጠበቃት። አምሳለ ጨርቁን ስትገልጠው እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካች። ደስታዋ ፊቷን ሲያበራው ወጋየሁ ዓለም የተፈጠረችው ለዚህች ደቂቃ መሰለው።

«በምን ገዛኸው?»

የጨርቁን ጫፍ አጠፈ።

«ወጋየሁ፣ ምን ሸጠህ?»

«አብራሪዋን።»

እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። «ጽሑፉስ?»

«አጥፍቼው ነው... ሰውየው ንጹሕ ፈልጎ። ለአንቺ ብዬ ነው አምሳለ።»

አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። እርሳሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሄደች። የጽሕፈት መኪናው እዚያው ላስቲኩ ላይ ቀረ። ስትናደድ ዝም እንደምትል ነግራው ነበር።

አንድ ሳምንት አልመጣችም። በሁለተኛው ሳምንት ወጋየሁ ሀና ማርያም ድረስ ሄደ። በሩን የከፈቱለት አባቷ ጋሼ ተካ ናቸው፤ ሽበታም፣ እጃቸው በአፈር ሥራ የሻከረ ሰው። አምሳለ አልነበረችም። ወጋየሁ ያደረገውን ሁሉ ሳይደብቅ ተናገረ።

ጋሼ ተካ እስኪጨርስ ጠበቁት። «ተቀመጥ» አሉት።

«እናቷ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ነበረች» ብለው ጀመሩ። «በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው ፊደል የቆጠረችው፤ ማንበብ ነፍሷ ነበር። እኔ ፈረንጅ ግቢ አትክልተኛ ስለነበርኩ ልጆቹ የሰለቹትን ኮሚክ አመጣለሁ። እንግሊዝኛ ነው፤ ምን ይጠቅማታል? አምሳለ ትምህርት ቤት ስትውል እናቷ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ማታ ቁጭ ብላ በአማርኛ ትጽፍላት ነበር። ያልገባትን ከራሷ ትሞላዋለች። ማታ ስትመጣ እናቷ ትስቅ ነበር። ያቺ የምትበረዋ፣ እናቷ ከማረፏ በፊት የጻፈችላት የመጨረሻዋ ናት።»

ወጋየሁ ቀና ብሎ አያቸው። «ታዲያ ለምን ሸጠቻቸው?»

«እኔ ነኝ ሽጫቸው ያልኳት። ጣሪያው ያፈሳል፤ ሳጥን ውስጥ ከሚበሰብሱ ሰው ያንብባቸው ብዬ።»

ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ፒያሳ ሄደ። ጆኒ ሳቀበት፤ ፈረንጇ አገር ከለቀቀች ሰንብታለች። ሲመለስ ጋሼ ቀጄላ በርጩማውን ይዞ ጠበቀው።

«ያቺን የምትበረዋን አንብብልኝ።»

«የለችም ጋሼ ቀጄላ። ሸጥኳት።»

ሽማግሌው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ወረቀቱን ነዋ የሸጥከው» አለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና ጀመረ፤ «አውሮፕላኗ አሸዋው ላይ ስትወድቅ፣ ልጅቱ ከሆዷ ውስጥ ወጣች። አቧራዋን አራገፈች። ሰማዩን ቀና ብላ አየችና፣ ከአንተ ጋር ገና እንተያያለን፣ አለችው...»

ወጋየሁ ደብተር ለመግዛት ሮጠ።

አራት ቀን፣ ከሰዓት ከሰዓቱን ፈጀባቸው። ጋሼ ቀጄላ ይናገራል፣ ወጋየሁ ይጽፋል። ደንበኛ ሲመጣ «ዛሬ ሥራ ላይ ነን» ይሉታል። በአምስተኛው ቀን ወጋየሁ ደብተሩን ይዞ ሀና ማርያም ሄደ። አምሳለ ልብስ አጥባ ታሰጣ ነበር። ምንም ሳይል ሰጣት። እጇን በቀሚሷ አድርቃ፣ ቆማ አነበበችው። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይህ ስህተት ነው» አለች ድንገት፣ በጣቷ እያሳየችው። «‹ውኃ ስጠኝ› አላለችም። ‹ጠብታ አበድረኝ› ነው ያለችው።»

«ጋሼ ቀጄላ ልክ ብሎት ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«አንተ እጅ የገባ ጽሑፍ መቼም አይተርፍ» አለች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልታወቀውም። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «ያዘንኩት ለእርሳሱ ብቻ አይደለም። ለእኔ ብለህ፣ እኔን ሳትጠይቀኝ ስላደረግከው ነው። ነገም እንዲሁ ብታደርግስ?»

ወጋየሁ ሊምል አፉን ከፈተና ተወው።

«የጽሕፈት መኪናውን ልሸጠው አስቤ ነበር» አለ። «አንቺን ሳልጠይቅ አልሸጥም ብዬ መጣሁ።»

አምሳለ እርጥብ ሸሚዝ ከገመዱ ላይ አስተካከለች። ዝም አለች። ይህ ዝምታ ግን የንዴቱ ዝምታ አልነበረም፤ ወጋየሁ ሁለቱን ለይቶ አውቋል።

«አትሽጠው» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ ውይይት ታክሲ እየተንገጫገጨም ቢሆን ወደፊት ሄደ። ወደ ላፍቶ መንገድ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ተከራዩ። እሷ በር ላይ የሰው ማመልከቻ ትጽፋለች፤ እሱ ውስጥ መጽሐፉን ይሸጣል። ንግዱም ተለወጠ። ቪዲዮ ቤቶች ተከፍተው የስሙኒ ኪራይ ቀዘቀዘ። በኪሎ ይሸጥ የነበረው ኮሚክ ደግሞ እንደ ቅርስ በነጠላ ይፈለግ ጀመር። ጆኒ እየተመላለሰ ሲለምን፣ ወጋየሁ ወደ በሩ ያመለክተዋል፤ «ባለቤቲቱን ጠይቃት።» አንዳንዱን ትሸጣለች፤ አንዳንዱን እምቢ ትላለች።

በጥቅምት 1989 ወጋየሁ ሽማግሌ ላከ። ከሁለት የሰፈር አባወራዎች ጋር ጋሼ ቀጄላ በአዲስ ጋቢ ተሸፍኖ ከፊት ቀደመ። ጋሼ ተካ አስቀመጧቸው። ደንቡ ነውና ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

«አሮጌ መጽሐፍ ይገዛል፣ ይሸጣል» አለ ጋሼ ቀጄላ።

«አትራፊ ነው ማለት ነው።»

«ነው።»

«ታዲያ ነገ አንዱ ፈረንጅ መጥቶ ብር ቢቆጥርለት ልጄን እንዳይሸጥብኝ ዋስ ማን ነው?»

አባወራዎቹ ተያዩ። ጋሼ ቀጄላ ግን አልቸኮለም። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ አደረገ።

«ጌታዬ» አለ፣ «ይህ ልጅ አንዴ የማይሸጥ ነገር ሸጦ፣ መልሶ ለማምጣት ስንት ቀን እንደለፋ አብሬው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ከእንግዲህ ዋሱ ያ ነው።»

ጋሼ ተካ ጺማቸውን ዳሰሱ። ከመጋረጃው ጀርባ አምሳለ ልትስቅ ስትል አፏን በነጠላዋ ስታፍን ተሰማ። አባትየው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፤ ግን ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ኮስተር ማድረግ አልቻሉም።

«እንግዲያው» አሉ፣ «ልጅቱን ራሷን ጠይቋት።»