ማጣሪያው የታጠበ ዕለት

እኔ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፣ «ጋኔን አየሁ፣ መንፈስ ጠራኝ» የሚል ሰው ፊቴ ሲቀመጥ «ስንት ብርሌ ጠጥተህ ነበር?» ብዬ የምጠይቅ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ሲለቁት ቁልቁል ይወርዳል፣ ፓምፕ ሲገፋው ይወጣል፣ ሲዘጉበት ይቆማል፣ ሌላ ጠባይ የለውም ብዬ ነበር የማምነው። ያቺን የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ግን፣ እመኑኝ፣ እስከ ዛሬ የማስቀምጥባት ቦታ አጥቼላታለሁ።

ነገሩ የሆነው በሚሊኒየሙ ሰሞን፣ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ለጋሾች ወንዙ ዳር አንዲት የውሃ ማጣሪያ ተክለውልን ነበር፣ እኔም አጭር ሥልጠና ወስጄ ባለሙያዋ ተብዬ ተመደብኩ። ረጃጅም ነጫጭ ቱቦዎች ተደርድረዋል፣ ውስጣቸው እንደ መኮሮኒ መሀላቸው ክፍት የሆነ፣ ግን ከስፌት ክር ብዙም የማይወፍሩ ነገሮች ታጭቀዋል፣ ሜምብሬን ይባላሉ፤ ድፍርሱ ውሃ በነሱ ላይ ሲገፋ ጭቃው ውጪ ይቀራል፣ ጥሩው ያልፋል። ክረምት ላይ ታዲያ ወንዙ ግማሹ አፈር ሆኖ ስለሚመጣ ይደፈናሉ፣ ሲደፈኑ በኬሚካል ይታጠባሉ። ኮስቲክ ሶዳ ከበረኪና ጋር በጥብጣችሁ ትሞሉባቸዋላችሁ፣ ፓምፑን አጥፍታችሁ እንደ ቆሻሻ ልብስ ትዘፈዝፏቸዋላችሁ፣ ከዚያ በአሲድ ይደገማሉ፣ ከዚያ የሶዳና የአሲድ መመርመሪያው ወረቀት ቀለሙን መቀየር እስኪያቆም ማለቅለቅ ነው። በዚህ መሀል ከዚያ ቱቦ አንድ ጉንጭ የጠጣ ሰው ጉሮሮው ይላጣል፣ አለቀ።

ይህን እጥበት የምሠራው በንግሥ ቀን ነበር። አገሬው ታቦት ሊያነግሥ ቤተ ክርስቲያን ይውላል፣ ታቦቱ መንበሩ እስኪገባ ውሃ ቀጂ የለም፣ ስለዚህ መስመሩን ብዘጋው የሚያማኝ አይኖርም። በበዓል ሥራ ትሠራለህ ብለው ግን አንዳቸውም አያግዙኝም፣ ብቻዬን ነኝ።

የዚያን ዕለት ጥበቃው ጋሽ ደምሴ እንኳ አልነበሩም። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ከተኙ ከርመዋል፤ ጉሮሯቸው ላይ የበቀለው ነገር መጀመሪያ እንጀራውን፣ ቀጥሎ አጥሚቱን፣ በመጨረሻ ውሃውንም አላሳልፍ ብሎ፣ ሐኪሞቹም «በቃ ወደ ቤታቸው ውሰዷቸው» ብለዋል። ጋሽ ደምሴ ጠዋት ቁልፉን ሲሰጡኝ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ውሃ ትለኛለች፣ በማንኪያ ጠብ ሳደርግላት መልሶ በከንፈሯ ይወርዳል» አሉኝ፣ «አንድ ጊዜ ብትጠግብልኝ እግዜርን ሌላ አልለምነውም ነበር። ምን ላድርግ አንተ ልጅ?»

«እግዜር ይማርልዎ» ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ሶዳውን ሞላሁ፣ ወደ ታንከሩ የሚሄደውን ቫልቭ ጠረቀምኩ፣ አጥሩ ሥር ያለውን ቦኖ፣ እሱ ከማጣሪያው መውጫ ላይ ስለተቀጠለ፣ በጓጉንቸር ቆለፍኩት፣ ፓምፑን አጥፍቼ ማብሪያውንም አወረድኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከጓሳ በኩል የመጣ ጉም ግቢውን ዋጥ አድርጎታል፣ ከሩቅ የከበሮው ድምፅ ይመጣል። ጋቢዬን ደርቤ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት ከቱቦዎቹ ውስጥ ነው። ሰው ውሃ ሲጎነጭ ጉሮሮው የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁት የለ፣ እሱን ነው፤ አንዴ ይውጣል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይውጣል። አየር ነው አልኩ። የግፊት መለኪያውን ባየው ቀስቱ ዜሮ ላይ ተኝቷል፣ መዋጡ በተሰማ ቁጥር ግን ንቅንቅ ይላል። መስታወቱን በጣቴ መታ መታ አደረግኩት፣ ሰደብኩትም፣ እሱ እንደሆነ አልሰማኝም። ወዲያው ከደጅ የሚፈስ ውሃ ሰማሁ።

በበሩ ብቅ ስል ቦኖው ይንዠቀዠቃል፣ ሥሩ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ሁለት እጆቿን ገጥማ በእፍኟ ትጠጣለች። ነጠላዋን፣ ያንን ዳሩ የተቀደደውን፣ ለየሁት። እትዬ ዘነበች ናቸው። ልብ በሉ፣ በዚያች ደቂቃ እንዴት ከአልጋ ተነሡ፣ ቁልፉን ማን ከፈተው የሚል ሐሳብ በአጠገቤም አላለፈ፤ የታየኝ ሶዳው ብቻ ነው።

«እትዬ ዘነበች! አይጠጡ! መርዝ ነው! ይተዉት!» ብዬ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ።

ድንግጥ ብለው ቀና አሉ። እጃቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉና፣ ቀስ ብለው፣ ከሰው ደጅ እንደተባረረ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ጉሙ ውስጥ ገቡ። ሮጬ ስደርስ ቦኖው ደርቋል። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። ቦኖው ሥር ባለው የሲሚንቶ ጎድጓዳ ላይ የተጠራቀመች ውሃ ግን አለች፣ ወረቀቴን ነከርኩባት። ሶዳ ብትሆን ወረቀቱ ይጠቁር ነበር፤ የወረቀቱ ቀለም ግን ንቅንቅም አላለ፣ ከምንጭ እንደተቀዳ ጥርት ያለ ውሃ ነው።

ቤታቸው ከአጥሩ ብዙም አይርቅም፣ በሩን ሳላንኳኳ ነው የገባሁት። ጋሽ ደምሴ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ ዘነበች የት ናቸው?»

«የት ትሄዳለች?» አሉ ተቆጥተው፣ «ይኸው አልጋዋ ላይ! ከረፋድ ጀምሮ እጇን ይዤ አልተነሣሁም።»

እውነታቸውን ነው፣ አጥንትና ቆዳ ሆነው ተኝተዋል፣ ያ ሰውነት እንኳን ቦኖ ድረስ ሊሄድ ራሱን ቀና አያደርግም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሳለ ዓይናቸውን ገለጡና፣ በዚያ በሰለለ ድምፅ፣ እኔኑ እያዩ ተናገሩ።

«ምነው ልጄ፣ ምነው ጮህክብኝ? ገና መጎንጨት ስጀምር… ወርዶልኝ ነበር እኮ። ደህና አድርጎ ወርዶልኝ ነበር።»

ጋሽ ደምሴ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አዩ፣ ያየሁትን እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ይስቃሉ፣ ወይ ያማትባሉ ብዬ ስጠብቅ ከጥግ ጆጉን አነሱና «ና፣ ከዚያው ቅዳልኝ» አሉኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ቱቦው ሶዳ ነው ያለበት! ይገድላቸዋል!»

«እየሞተች አይደለም ወይ!»

ይህን ሲሉ የጮሁት ጩኸት፣ እውነቴን ነው፣ ከቦኖው በላይ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ያቺን የጎድጓዳውን ውሃ ልቀዳላቸው ብዬ ተመልሼ ሮጥኩ፣ ሲሚንቶው መጥጧት ደርቋል። ጓጉንቸሩን ከፍቼ ቦኖውን እስከ ጥጉ ጠመዘዝኩት፣ አንዲት ጠብታ የለም። የቀረኝ አንድ መንገድ ነው፤ አሲዱን ትቼ፣ ሶዳውን ደፍቼ፣ መስመሩን አለቅልቄ ከዚያው ቦኖ ንጹሕ ውሃ ማውጣት። ሶዳውን ደፋሁ፣ ማብሪያውን አነሣሁ፣ ፓምፑ ጉር ብሎ ገና መግፋት ሲጀምር መብራት ጠፋ።

የመንዝን ክረምት መብራት የማያውቅ ብቻ ነው የሚገረም። ስልክ ብደውል ኔትወርክ የለም፣ ቢኖርስ ማን ያነሳል፣ ንግሥ ነው። ጋሽ ደምሴ ጆጉን ታቅፈው ቦኖው ሥር ቆሙ፣ ካፊያው ይወርድባቸዋል፣ ጋቢዬን ባለብሳቸው ትከሻቸውን ነቅንቀው ጣሉት። «አሁንስ?» ይሉኛል፣ «ገና ነው» እላለሁ። «አሁንስ?» ገና ነው። ያንን ሁሉ ቫልቭ፣ ያንን ሁሉ ቱቦ በእጄ ይዤ ለአንዲት ሴት አንድ ጉንጭ ውሃ ማውጣት አቃተኝ። አለቀስኩ፣ አላፍርም።

መብራቱ ሊመሻሽ ሲል መጣ። ማለቅለቁ አይቸኮልም፣ ወረቀቱ እስኪፈቅድ ፓምፑ ሥር ተንበርክኬ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ከቦኖው ቀዳሁ፣ ፊታቸው ራሴ ቀድሜ ጠጣሁ፣ ጆጉን ይዘን ሄድን። ጋሽ ደምሴ በማንኪያ ከባለቤታቸው ከንፈር ላይ አደረጉላቸው። እትዬ ዘነበች ትንሽ አፋቸው ውስጥ ያዙት፣ በጎን ፈሰሰ።

«ይሄ አይደለም» አሉ፣ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሲነጋጋ አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፣ አንዱ ደክሞህ ነው ይላል፣ አንዱ መልአኩ ነው ይላል፣ አንዱ ደግሞ እኔ በሰው እስቅ እንደነበረው ይስቅብኛል። ሥራውን ትቼ ደብረ ብርሃን ገብቻለሁ፣ ጋሽ ደምሴን ግን ለገበያ ሲመጡ አገኛቸዋለሁ። አይወቅሱኝም። የልጆቼን ደኅንነት ይጠይቁና፣ «ባትጮህባት ኖሮ ትጠግብ ነበር?» ይሉኛል። ቱቦው ውስጥ ሶዳ ነበረ፣ በእጄ ነው የሞላሁት። ወረቀቱም ውሃ ነው አለ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸውም ሁለቱንም ሰምተው እንደገና ይጠይቁኛል።