የአምቡሊው ቀይ መስመር

ባፈናን መጀመሪያ ያየሁት የቤታችንን ግድግዳ ቀይ ቀለም ሲቀባ ነው። ምንም ሳልጠይቅ የዕቃ ማጠቢያ ውሃዬን በመስኮት አናቱ ላይ ደፋሁበት።

እንዴት አልደፋ! አዲስ አበባ የነበረው የአክስቴ ቤት የፈረሰው እንዲህ በቀይ ምልክት ከተደረገበት በኋላ ነው። ለእኛ ቤተሰብ ቀይ ቀለም ማለት ዶዘር ማለት ነው። እሱ ግን ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ሳቀ።

«እህቴ፣ አፍራሽ አይደለሁም። የድሮው ጎርፍ እስከ የት እንደደረሰ ነው ምልክት የማደርገው።»

ከአዲስ አበባ ድንበር ተሻግሮ የመጣ የካርታ ሠራተኛ ነበር። ከባልባላ ኮረብታ እስከ ባሕሩ ድረስ መሬቱ የሚያዘቀዝቅበትን፣ ውሃ የሚተኛበትን ይለካል። ሶማሊኛ ስለማይችል አስተርጓሚ ሆንኩለት... የደፋሁበትን ለመካስ ነው ብዬ። ደረቁን የአምቡሊ ወንዝ ተከትለን ስንሄድ ሰዉ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ደረቱ ላይ እያደረገ የውሃውን ልክ ያሳየን ነበር። ያን አቧራና ያን ሙቀት ዛሬም እናፍቀዋለሁ።

አባቴ ጸሐዬ፣ የድሮ የባቡር ሠራተኛ፣ ብቻዬን ስስቅ ባየኝ ቁጥር «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» ይለኛል። እኔ ግን አንዴ ተወስጃለሁ።

ካርታው ሲያልቅ ቤታችን ቀዩ ውስጥ ገባ። ቀይ ማለት ሰው ሊኖርበት የማይገባ፣ ቢጫ ማለት ተጠንቅቆ የሚኖርበት ቦታ ነው። አባቴ እናቴን በሙሽርነት ያስገባበት፣ ሬሳዋን ያስወጣበት ቤት ነው። የዚያን ቀን እህል አልቀምስም አለ።

«ባፌ፣ የእኛን ቤት ብቻ ቢጫ አድርገው» ብዬ ለመንኩት።

ካርታውን ጠቀለለው።

«አንቺ የምትተኚበት ቤት ነው፣ ፅዮን። እንዴት ብዬ ልዋሽ?»

«እንግዲያው ሁለተኛ እንዳትመጣ።»

አልመጣም። እኔም ግድግዳው ላይ ያሰመረውን መስመር በነጭ ጋዝ ፈትጌ አጠፋሁት። እያለቀስኩ ነበር የምፈትገው።

ኅዳር ላይ ዝናብ ጣለ። ኮረብታው ላይ የዘነበው ሁሉ ወደ እኛ ሲወርድ ባፈና ጭቃ በጭቃ ሆኖ በራችን ላይ ቆመ። አትምጣ ያልኩት ሰው መጣ። አባቴ አልወጣም ብሎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ባፈና አልተከራከረውም፤ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጠው።

«ጋሼ፣ ይታዘሉኝ።»

የእናቴን ፎቶ ይዤ ተከተልኳቸው። ባልባላ ወጣን።

ውሃው ሲጎድል ከቤታችን የቀረው ያ ግድግዳ ብቻ ነበር። ጎርፉ የተወው የጭቃ ምልክት እኔ ፈትጌ ያጠፋሁት መስመር ላይ፣ ልክ እዚያው ላይ ነበር። አባቴ በእጁ እየዳሰሰው ብዙ ቆየ። ከዚያ ባፈናን ጠራው።

«ቀለምህን አምጣ ልጄ። መልሰህ አስምርበት» አለው። ወደ እኔ እያየም ጨመረበት። «እሷን ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ አኑርልኝ።»

ዛሬ የምንኖረው ባልባላ ላይ ነው። ቁልቁል አሮጌው ሰፈራችን ሲታየኝ ያን ግድግዳ በዓይኔ እፈልገዋለሁ። ባሌ ግን ዕቃ ሳጥብ እስካሁን በመስኮቴ ስር አያልፍም።